5 ለ 1 የበርሜል ዘይት ፓምፕ ፈትቼ ገጠምኩ፤ መቅጃው ተዘግቶም መምታቱን አላቆመም

የቃሊቲ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። 208 ሊትር በሚይዝ የሞተር ዘይት በርሜል ላይ የተተከለ በአየር የሚሠራ ፓምፕ አለን። 5 ለ 1 የሚባለው ነው፣ የዘይቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት አምስት እጥፍ የሚሆንበት፤ በአየር ሞተሩና በታችኛው ቱቦ መካከል ዘንጉ በዓይን የሚታይበት የድሮ ዓይነት። አንድ ትልቅ መኪና ዘይት ሲቀየርለት እስከ 40 ሊትር ሊወስድ ስለሚችል ይህ ፓምፕ ሲታመም ሥራችን ሁሉ ይታመማል።

ሕመሙ እንዲህ ነበር። ዘንጉ ከሚገባበት ጉሮሮ ዘይት እየወጣ በበርሜሉ ክዳን ላይ ይተኛል። ከአየር መውጫው ያለማቋረጥ አየር ይፏጫል። መቅጃውን ዘግተነውም ፓምፑ ይመታል። አንድ ማታ አየሩን ሳንዘጋ ሄደን የግቢው ጥበቃ ጠዋት ላይ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳ አደረ፤ ሰው መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈታሁት። አየሩን ዘጋሁ፣ መቅጃውን ባልዲ ውስጥ ከፍቼ የቀረውን ግፊት አወጣሁ፣ ከዚያ ሞርሳ ላይ በአሉሚኒየም ቁራጭ ደግፌ አሰርኩት። የጉሮሮው ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) እንደ ቀንድ ደርቋል፤ በጥፍሬ ስጫነው ምልክት እንኳ አልቀበል አለኝ። የአየር ፒስተኑ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ከሶማሌ ተራ ሙሉ የሲል ስብስብ ገዝቼ እያንዳንዱን ከአሮጌው ጋር በካሊፐር እያመሳከርኩ ለወጥኩ። ሁሉንም ዕቃ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ስስ ግሪስ ቀብቼ ገጠምኩት።

ጉሮሮው ደረቀ፣ ፉጨቱም ጠፋ። 10 ምልልስ (አንዱ ምልልስ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ነው) በመለኪያ ጆግ ብቀዳ 1.13 ሊትር ሰጠኝ። መመሪያው በአንድ ምልልስ 115 ሚሊሊትር ስለሚል 1.15 ነበር መምጣት ያለበት፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው ብዬ ተደሰትኩ። መቅጃውን ዘግቼ ስጠብቅ ግን አሁንም ይመታል። እንደ በፊቱ አይፈጥንም፤ ሁለት ጊዜ ተቀራርቦ ይመታል፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመታል። የአየሩ ግፊት 6 ባር ነው። ምን ሳትኩ?

የአዳማ ጎማ ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ወንድሜ፣ 10 ምልልስ 1.13 ሊትር ከሰጠህ ፓምፕህ ጤነኛ ነው። የእኛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ማታ ማታ አየሩን እንዘጋለን፣ ጠዋት እንከፍታለን፣ በቃ። ደግመህ ፈትተህ አዲሱን ሲል እንዳታበላሸው።

ጡረተኛው መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግፊቱን ሳታወጣ ቁልፍ አለማንሣትህ በተለይ አስደስቶኛል። የአዳማው ወንድማችን ግን ይቅር ይበለኝና በዚህ አልስማማም። በዚያ ጆግ የፈተንከው ፓምፑ ሲሮጥ ነው። ሲሮጥ አንዱ ምት አንድ ሰከንድ ያህል ቢፈጅ፣ በደቂቃ ጥቂት ማንኪያ የሚያሾልክ ቫልቭ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ሊያጎድልብህ ይችላል? ምንም አይታይህም። የዘይት ፓምፕ ፈተናው ሲቆም ነው። መቅጃው ተዘግቶ፣ ሙሉ አየር ከላይ ተጭኖት፣ ዝም ብሎ መቆም አለበት። ከተንቀሳቀሰ ዘይት የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫም ዘይቱ በየት እንደሄደ ይነግርሃል።

ነገሩ ቀላል ነው። በታችኛው ቱቦ ውስጥ ያለው የዘይቱ ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ የፒስተኑ ቫልቭ ይዘጋል፣ ከላዩ ያለው ዘይት ይገፋል፤ የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ ከበርሜሉ ይስባል። ወደ ታች ሲወርድ የታችኛው ይዘጋል፣ የፒስተኑ ይከፈታል፣ ዘንጉ ራሱ የሚገባበትን ያህል ዘይት ወደ ቱቦው ያስወጣል። ስለዚህ መውጫው ተዘግቶ ሳለ ወደ ታች ቀስ ብሎ የሚሾልክ ፓምፕ የታችኛው ቫልቭ አያዝም ማለት ነው። ወደ ላይ የሚሾልክ ከሆነ የፒስተኑ ቫልቭ ወይም የፒስተኑ ሲል ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ከተንቀሳቀሰ ግን ፓምፑን ከመክሰስህ በፊት ቱቦውን፣ መገጣጠሚያዎቹንና መቅጃውን ጠይቅ፤ ከመውጫው በኋላ ያለው ሁሉ በሁለቱም ምት ግፊት ውስጥ ነውና።

አንድ ነገር አስተውል። አንድ ቫልቭ ብቻ የተበላሸበት ፓምፕ እየደጋገመ አይመታም። ወደ ታች ሾልኮ ጫፍ ይደርሳል፣ አንዴ ይገለበጣል፣ ወደ ላይ ይነሣና እዚያ ይቆማል። ያንተ ግን እየተመላለሰ ነው፤ ስለዚህ የምትፈልገው ሁለት ጥፋት ነው። ሁለት ተቀራራቢ ምት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ ማለትህ ደግሞ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ መሆኑን ነግሮኛል።

ነገ ከፓምፑ መውጫ አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጋ፤ ከሌለ አስገጥም። ከዘንጉ ጎን ማስመሪያ በሽቦ አስረህ አቁምና በሰዓት ለካ። ጣትህን ወደ ክፍተቱ እንዳታስገባ። የአየር ፒስተኑ 70 ሚሊሜትር ስፋት ካለው በ6 ባር ወደ 235 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው በዘንጉ ላይ ያለው።

የቃሊቲ መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግኩ። የፒስተኑ መንገድ 75 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ቱቦውን ሳልለይ፦ ወደ ታች 40 ሰከንድ፣ ወደ ላይ 12 ደቂቃ። ከዚያ መውጫውን ዘግቼ፦ ወደ ታች አሁንም 40 ሰከንድ አካባቢ። ተገልብጦ ወደ ላይ ተነሣና ቆመ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አየሁት፤ ከማስመሪያው መስመር አልወጣም።

ጡረተኛው መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እንግዲህ ሁለቱም ተገኙ። የፒስተኑ ቫልቭና የገጠምከው ሲል ጤነኛ ናቸው፤ አትንካቸው። የታችኛውን ቫልቭ ክፈት። ከመውጫው በኋላ ባለው መንገድ ላይም ዘይት ይፈስሳል። አንድ ምት ወደ 57 ሚሊሊትር ከሆነ፣ በ12 ደቂቃ አንድ ምት ማለት በሰዓት ከ280 ሚሊሊትር በላይ ነው። ይህን ያህል ዘይት መሬት ላይ ሳይታይ አይቀርም፤ የሚሸፍነው ነገር ከሌለ በቀር።

ሳሪስ ቶርኖ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ስለ ሲሎቹ አንድ ሐሳብ ላክል። ስብስቡ ውድ ነው። እኛ ጋ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በስለት ቆርጠው የሚያመጡና የሚሠሩበት አሉ፤ ለጊዜው ይይዛል።

ጡረተኛው መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ወንድሜ፣ ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። የጎማ የውስጥ ላስቲክ ለአየርና ለውኃ ነው የተሠራው። የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቁርጥራጩም ተነሥቶ ቫልቭ ሥር ይቀመጣል። ለሞተር ዘይት የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ላስቲክ ነው፤ ሙቀት ከበዛ ቪቶን። የማታውቀውን ላስቲክ መፈተን ከፈለግህ ስፋቱን ለክተህ በትኩስ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየውና መልሰህ ለካው።

በቤንዚን የሚያጥቡትም ይተዉት። ናይትራይሉን ሊያሳብጠው ይችላል፣ እሳቱም አለ። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ይበቃል።

የሲሉን አገጣጠምም ላንሣ፤ ብዙ አዲስ ሲል የሚሞተው ገና ሲገባ ነው። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ አለው። ከንፈር ያለውን ሲል በዚያ ጥርስ ላይ ስትጎትተው በዓይን የማይታይ ቁርጥ ያወጣበታል። የፌስታል ቁራጭ ጥርሱ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ ሲሉን በላዩ አሳልፉት፤ ከዚያ ፌስታሉን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። የሲሉ አፍ ግፊት ወዳለበት ወደ ዘይቱ ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ግፊቱ ከንፈሩን ከዘንጉ ላይ ያነሣዋል፣ በመጀመሪያው ቀን ማፍሰስ ይጀምራል።

ከሻርጃ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡20

ሰላም ለአገር ልጆች። እዚህ በአንድ የአውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ ስምንት እንደዚህ ያሉ ፓምፖች እጠብቃለሁ። የዘይቱ ወገን በሚገባ ተነግሯል፤ ስለ አየሩ ወገን ልጨምር።

አየር ሞተሩን ለብቻው ፈትኑት። የአየር መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ጤነኛ ሞተር በ1 ወይም በ2 ባር ሳይንገዳገድ መነሣት አለበት፣ ከሁለቱም ጫፍ ሲደርስም ሳያመነታ መገልበጥ አለበት። መሐል ላይ ቆሞ በመዶሻ ሲነኩት የሚነሣ ከሆነ የመገልበጫው ሞላዎች ደክመዋል፤ ሁለቱም አብረው ይለወጡ። አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ካደረጋችሁ ጉልበታቸው ስለማይመጣጠን ችግሩ ይመለሳል። ስትፈትኑ ያለ ዘይት አታስሮጡት።

ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው ውኃ ደግሞ ሞተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ታንኩ በየቀኑ ከሥሩ ይራገፍ። አየር ሲስፋፋ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ሲሠራ መውጫው ላይ በረዶ ይሠራል፤ እዚህ ጥላ ውስጥ 40 ዲግሪ በሆነበት ቀን በረዶ በእጄ ነክቻለሁ። ያ በረዶ የእርጥብ አየር ምልክት ነው።

ቅባትን በተመለከተ መመሪያውን እዩ። ያለ ቅባት እንዲሠሩ የተደረጉ ሞተሮች አሉ። አንዴ በአየሩ ውስጥ ቅባት ማንጠባጠብ ከጀመራችሁ ግን አታቋርጡ፤ የፋብሪካውን ግሪስ አጥቦ ስለሚያወጣው ካቆማችሁ ሞተሩ ደረቅ ይቀራል።

የአዳማ ጎማ ቤት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኛው ዘንጉ አይታይም፣ ሁሉም ተሸፍኗል። አቅጣጫውን እንዴት ልወቅ?

ጡረተኛው መካኒክ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግፊቱን አውጥተህ ፓምፑን ከበርሜሉ አንሣና የታችኛው ጫፉ ከዘይቱ በላይ እንዲሆን አድርገህ በጥንቃቄ አንጠልጥለው። መውጫውን ዝጋ፣ ትንሽ አየር ስጠው። ወደ ታች ሲጫን የታችኛው ቫልቭ የማይዝ ከሆነ ከማጥለያው ዘይት ሲንጠባጠብ ታያለህ። በተሸፈነው ዓይነት የጉሮሮው ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደ አየር ሞተሩ ገብቶ ከአየር መውጫው ጋር ይወጣል፤ ግድግዳችሁ ላይ ዘይት እየተረጨ ከሆነ እሱ ነው።

የቃሊቲ መካኒክ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ትናንት ከሥራ በኋላ የታችኛውን ቫልቭ ከፈትኩ። ኳሱን አውጥቼ በእጅ ባትሪ መቀመጫውን ሳየው አንድ ቀጭን ክር፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር፣ በቀለበቱ ላይ ተጋድማለች። ቀለሟን አወቅኩት፤ ካጠብኩ በኋላ ያደረቅኩበት ጨርቅ ነው። ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ያበላሸሁ መሰለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አዘንኩ። ክሯን ሳነሣ ደግሞ ከሥሯ ትንሽ ጭረት አገኘሁ፤ በጥፍር ሲሄዱበት ትሰማለች። ምናልባት የቆየ ነው። ኳሱም ላይ የደበዘዘ ቦታ አለ።

ሁለተኛውም ተገኘ። ቱቦው የሚጠቀለልበት መንኮራኩር ግድግዳ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከረው መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሰጋቱራ እናፈስሳለን። ሰጋቱራው ይጠጣዋል፣ ማታ ማታ ይጠረጋል፣ አዲስ ይፈስሳል። ጋሼ «የሚሸፍነው ነገር ከሌለ» ያሉት በትክክል ይኸው ነው። ስንት ሊትር በመጥረጊያ እንደጣልን ሳስበው ያመኛል።

መቀመጫውን ልቀይረው ወይስ ይድናል?

ጡረተኛው መካኒክ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

አትዘን። ክር የሚተው ጨርቅ ያልገጠመው መካኒክ የለም። ከአሁን በኋላ በአየር ንፋበትና ሳትነካው ይድረቅ።

ጭረቱ ቀላል ከሆነ ይድናል። ከአሮጌ ኩሽኔታ ልኩ ትክክል የሆነ የብረት ኳስ ፈልግ፤ በካሊፐር ለካው፣ «ይመስላል» አይበቃም። መቀመጫውን ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጥ፣ ኳሱን በላዩ፣ ከኳሱ በላይ የነሐስ ዘንግ፣ ከዚያ በመዶሻ አንዴ ብቻ ንካው። ያቺ አንዲት ምት ቀጭን አዲስ መስመር ታወጣለታለች። የመታህበትን ኳስ ጣለው፣ ለሥራ ሌላ አዲስ አስገባ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፤ ክቡን ታጠፋዋለህ። ከዚያ አዲሱን ኳስ መቀመጫው ላይ አስቀምጠህ ከላይ ነጭ ጋዝ ሙላበት። አሥር ደቂቃ ካልወረደ ግጠም።

መቀመጫው ጠንካራ ብረት ከሆነ ግን አትምታው፤ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ መቀየር ነው።

ድሬ 40 ዲግሪ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ከዚህ ሙቀት አገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፓምፑ ፍጹም መያዝ ሲጀምር አዲስ ነገር ይመጣል። መቅጃው ተዘግቶ፣ ቫልቮቹ ይዘው፣ ቱቦው ውስጥ የታሰረው ዘይት ፀሐይ ሲመታው ይስፋፋል፤ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ ፓምፑ ከሚሰጠው በላይ ይወጣል። በ6 ባር አየር 30 ባር ነው ብላችሁ የተማመናችሁበት ቱቦ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሌላ ነገር ሊያሳያችሁ ይችላል። እኛ ጋ አንድ ቱቦ በምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከመገጣጠሚያው ተፈነቀለ። ከመውጫው በኋላ ግፊት ሲበዛ ወደ በርሜሉ የሚመልስ ማስተንፈሻ ቫልቭ ይገጠም፤ ከቱቦው ልክ በታች ይስተካከል።

ከሻርጃ | ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡10

ድሬ ትክክል ነው። እዚህ ማስተንፈሻ የሌለው መስመር ሥራ እንዲጀምር አይፈቀድልንም። ከዚያው ጋር፣ ቱቦው ላይ የሚያፈስስ ቀዳዳ በእጅ አይፈለግ። ካርቶን ተጠቀሙ። በዚህ ግፊት ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሚሆንና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰው አጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ዘይቱ ግን ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ይገድለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ፣ «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብሎም ይናገር።

ሳሪስ ቶርኖ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡00

ስለ ላስቲኩ የሰጣችሁኝን ምክር ተቀብያለሁ፤ አንድ ቁራጭ ትኩስ ዘይት ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ከፍታ ፓምፑን አይጎዳውም? 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

ኮምፕረሰሩን ይጎዳዋል። በባሕር ወለል ላይ 1 ባር ያህል የሆነው የአየር ክብደት አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል፤ ኮምፕረሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፣ ታንኩም ለመሙላት ይዘገያል። ፓምፑን በተመለከተ፣ በርሜል ውስጥ ለተዘፈቀው ግድ የለውም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በቱቦ ለሚስብ ግን ግድ አለው፤ ዘይቱን ወደ ላይ የሚገፋለት ይኸው የውጭ አየር ነውና። የሐምሌ ጠዋት፣ ወፍራም የማርሽ ዘይት፣ ረጅም መሳቢያ ቱቦ ሲገናኙ ፓምፑ ባዶውን ይሮጣል። የአየር ግፊቱን ቀንሱለት፣ ዘይቱ ሞቅ እስኪል በዝግታ ይሥራ።

የቃሊቲ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

መቀመጫው ለስላሳ ብረት ስለነበር እንደተነገረኝ አንዴ መታሁት። አዲስ ኳስ አስገብቼ ነጭ ጋዝ ሞላሁበት፤ ሩብ ሰዓት ቆየ፣ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የመንኮራኩሩን መገጣጠሚያ ፈትቼ ሁለት ኦሪንግ ለወጥኩ። ሰጋቱራውን ጠርጌ በምትኩ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍኩ፤ የሚንጠባጠብ ካለ በመጀመሪያው ቀን ልየው ብዬ።

ውጤቱ፦ 6 ባር አየር፣ መውጫው ላይ የገጠምኩት መለኪያ 29 ባር አካባቢ። ወደ ታች ባለው ምት መሐል ላይ መቅጃውን ዘጋሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስመሪያው ላይ የታየው እንቅስቃሴ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ወደ ላይ ባለውም እንዲሁ። የአየር መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ዞርኩ፤ አንድ ቦታ ብቻ አረፋ አየሁ፣ ቴፍሎን ጨምሬ አሰርኩት። 10 ምልልስ ደግሜ ብቀዳ 1.14 ሊትር። ከበፊቱ በ10 ሚሊሊትር ብቻ ነው የሚለየው። ጋሼ ስለ ጆጉ የነገሩኝ አሁን ነው በደንብ የገባኝ።

ማስተንፈሻ ቫልቩን አሠሪዬን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ረቡዕ እገጥማለሁ። እስከዚያ ማታ ማታ አየሩን ዘግቼ ግፊቱን በባልዲ አወጣለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እጅህ ይባረክ። ያን ማስመሪያ ከፓምፑ ላይ አታንሣው። በየሳምንቱ ቅዳሜ አሥር ደቂቃ አቁመህ እየው፣ ቁጥሩን ከበርሜሉ ጎን ጻፈው።

የአዳማ ጎማ ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እኔም ትናንት የእኛን አንጠልጥዬ አየሁት። ከማጥለያው እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው። ዛሬ እፈታዋለሁ። የግሪስ ፓምፓችንስ፣ 50 ለ 1 የሆነው፣ በዚሁ መንገድ ይፈተናል?

ጡረተኛው መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አቅጣጫው ያው ነው፣ ግፊቱ ግን ሌላ ነው። በ6 ባር አየር 300 ባር ታገኛለህ። እሱን ከበርሜል አውጥተህ አታንጠልጥል፣ መቅጃውንም ወደ ሰው አታዙር። ዝርዝሩን በአዲስ ርዕስ ክፈተውና የፓምፑን ፎቶ ጨምርበት፤ እዚያ እንነጋገራለን።